ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ፦ የቡድን ክፍያ ሲዛባ ሰራተኛው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ከአመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ እሰራ ነበር፣ ስሙ ይቅር። እንደምታውቁት ሆቴል ገብታችሁ ስትበሉ ቢሉ ላይ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ ያ ብር ወሩን ሙሉ ይጠራቀምና መጨረሻ ላይ ለሰራተኛው በፖይንት ይከፋፈላል። ፖይንት ማለት ለያንዳንዱ ሰራተኛ እንደ ስራ መደቡ የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ የተሰበሰበው ብር በሙሉ ለጠቅላላው ፖይንት ይካፈልና የአንድ ፖይንት ዋጋ ይወጣል፣ ከዛ ያንተ ፖይንት 6 ከሆነ የዛን ስድስት እጥፍ ትወስዳለህ። እኛ ቤት ይሄ ዝርዝር ሰራተኛ ምሳ የሚበላበት ክፍል በር ላይ ይለጠፍ ነበር። አንድ ወር ላይ ሳይለጠፍ ቀረ። ፖስታችንን ስንቀበል ብሩ ቀንሷል፣ ያ ወር ደግሞ ስብሰባ በስብሰባ የነበረ፣ ሰርግ የተደራረበበት፣ እግራችን እስኪያብጥ የቆምንበት ወር ነው። ሲጣራ ለካ የሱፐርቫይዘሮቹና ቢሮ ያሉት ሰዎች ፖይንት ከፍ ተደርጓል። ለማን ተነግሮ? ለማንም።

ለኔ የጎደለው 200 ብር ገደማ ነው። 200 ብር ያኔም ቢሆን ቤት የሚያፈርስ ብር አልነበረም። ግን እቃ ማጠቢያ ክፍል የምትሰራ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ነበረች፣ ፖስታዋን ሁለቴ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከከተተች በኋላ ዝም ብላ ቆየችና «ብሩ አይደለም አንተ ልጅ፣ ጠርተው ቢነግሩን ምን ነበረበት? እኛ እዚህ ቤት ሰው አይደለንም?» አለችኝ። ያን ቀን ማታ ወደ ጠረጴዛ ላወጣው ያነሳሁት ብርጭቆ ጠርዙ ላይ ቀይ ሊፕስቲክ ነበረበት። እኔ እዛ ቤት በሰራሁበት ጊዜ ሁሉ ከእትዬ እጅ እንደዛ ያለ ብርጭቆ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ያ ብርጭቆ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ከዛ ወዲህ ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ሰዎች አብረው ሰርተው አብረው የሚከፈላቸው ገንዘብ ሲዛባ ውስጣቸው ምን ይፈጠራል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎች ብዙ የለፉበት ጉዳይ ነው፣ የደረሱበት ነገር ደግሞ የኛ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ጨርሶታል፦ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፣ ጭብጦ ለመንገድ ስንቅ የምትያዝ ትንሽ ቂጣ ናት። ተከራክሬ፣ ተሰምቼ፣ ተፈርዶብኝ በቅሎዬን ባጣት እችለዋለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የተወሰደችብኝ ጭብጦ ግን ታንገበግበኛለች ነው ነገሩ። እንግዲህ ይሄንን ስሜት እንዘርዝረው።

መጀመሪያ የቡድን ክፍያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልፅ ይሁን። ብዙ ሰው በጋራ ላመጣው ውጤት የሚሰጥ ክፍያ ነው፦ የሆቴል ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሰኔ 30 በጀት አመቱ ሲዘጋ ባንኮች ከትርፋቸው የሚሰጡት ቦነስ፣ የሽያጭ ቲም ታርጌቱን ሲመታ የሚያገኘው ኮሚሽን፣ ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ያሉ ሰፊዎች በጋራ የሚያገኙት ማበረታቻ፣ ይሄ ሁሉ የቡድን ክፍያ ነው። ሲዛባም በተለያየ መንገድ ነው የሚዛባው፣ አንዳንዴ አከፋፈሉ ላይ አንዱ ይቆረስለታል ለሌላው ይሸረፍበታል፣ አንዳንዴ ደግሞ እኩል ይከፋፈላል ግን ከመሀላችን ያልሰራ አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ እኛ እርስ በርስ እኩል ነን ግን እኛ ሁላችንም ከነሱ ከሌሎቹ ባነሰ እንከፈላለን። ሶስቱም ያማሉ ግን ህመማቸው የተለያየ ነው፣ እሱን ነው ቀስ እያልን የምናየው።

አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው። በ1963 ጆን ስቴሲ አዳምስ የሚባል፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ይሰራ የነበረ የስነ ልቦና ባለሙያ አንድ ሀሳብ አወጣ፣ ሀሳቡ ሰው ሁሉ ውስጡ ሚዛን አለው የሚል ነው። በአንዱ ጎን እኔ የማዋጣው (ጉልበቴ፣ ሰአቴ፣ ልምዴ) እና የማገኘው አለ፣ በሌላው ጎን አጠገቤ ያለው ሰው የሚያዋጣውና የሚያገኘው አለ። ሚዛኑ ካዘነበለ ይረብሸኛል፣ እስኪስተካከል ድረስ እረፍት አይሰጠኝም። ልብ በሉ፣ ደሞዜ በራሱ ትልቅ ይሁን ትንሽ ብቻውን ለዚህ ሚዛን ትርጉም የለውም፣ ትርጉም የሚሰጠው ከማን አንፃር የሚለው ነው።

እና ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው? ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አስተናጋጅ ራሱን ከጄኔራል ማናጀሩ ጋር አያወዳድርም፣ እሱ መኪና ይዞ ሲመጣ ብዙም አይቆጨውም። የሚቆጨው አብሮት ትሪ የሚሸከመው፣ አንድ ሺፍት የሚገባው ሰው ፖስታ ከሱ ፖስታ ወፈር ሲል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግስት ሰራተኛ ደሞዝ በህዝብ ፊት የሚታይ ስለሆነ አንድ ጋዜጣ ድረገፅ ላይ አወጣው፣ አራት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ደግሞ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሰራተኞች የተወሰኑትን መርጠው እንዲህ የሚባል ድረገፅ አለ ብለው ነገሯቸውና በኋላ ስሜታቸውን ጠየቁ። ጥናቱ በ2012 ታተመ። እዛው ክፍላቸው ውስጥ ካሉት ሰዎች በታች እንደሚከፈላቸው ያወቁት ስራቸውን የመውደድ ስሜታቸው ቀነሰ፣ ሌላ ስራ ለመፈለግም ልባቸው ተነሳ። ከፍ ያለ እንደሚከፈላቸው ያወቁት ግን አልጨመሩም፣ ባሉበት ቆሙ። ይሄንን ደጋግሜ ነው ያሰብኩት፣ ምክንያቱም ድርጅቱ ለአንዱ ጨምሮ ለሌላው ሲቀንስ የሚያገኘው ደስታና የሚገዛው ኩርፊያ እኩል አይደለም ማለት ነው፣ ኩርፊያው ይበልጣል።

ስሜቱ ራሱ ታዲያ ምንድነው? አማርኛችን እዚህ ላይ ሀብታም ነው፣ ግን ሁሉንም ቅሬታ ብለን አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። ንዴት አለ፣ ንዴት የሚመጣው ያደረገብኝ ሰው አለ፣ ሌላ ማድረግም ይችል ነበር ብለን ስናምን ነው። ሆቴሉ ከስሮ ቢሆን ኖሮ እናዝናለን እንጂ አንናደድም ነበር። ቁጭት አለ፣ ቁጭት ወደ ራስ የሚዞር ነው፣ ለምን ዝም አልኩ፣ ለምን ያኔ ሌላ ቤት ስጠራ አልሄድኩም የሚል። እፍረት አለ፣ ይሄ በደንብ የተደበቀው ነው፣ እትዬ ሰው አይደለንም ወይ ስትል እፍረት ነው ያወራው፣ ክፍያ ማለት ለሰው ዋጋህ ይሄ ነው ብሎ መንገርም ስለሆነ ያነሰው ብር የራስህ ማነስ ሆኖ ይሰማሃል፣ ቤት ገብተህ ለሚስትህ ወይ ለባልሽ ለመናገር እንኳን ትሳቀቃለህ። ቅናት ደግሞ አለ፣ ቅናት ከንዴት ጋር ይመሳሰላል ግን ንዴት ያደለውን፣ ማለትም ያከፋፈለውን ሰው ነው የሚያየው፣ ቅናት የታደለውን። ይሄንን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰው አንጀቴ አረረ ሲል ዝም ብሎ ለማጋነን አይደለም። በ2003 አላን ሳንፌይ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሰዎች ገንዘብ ሲካፈሉ አእምሯቸውን በኤምአርአይ እያየ አጠና። ጨዋታው ቀላል ነው፣ አንዱ 10 ዶላር ይሰጠውና እንዴት እንደሚካፈሉት ሀሳብ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ከተቀበለ ይካፈላሉ፣ እንቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ላንተ 2 ዶላር ለኔ 8 የሚል ሀሳብ ሲመጣ ብዙ ሰው እንቢ ይላል፣ 2 ዶላር ከባዶ ይሻላል እኮ፣ ግን እንቢ ይላል። ያን ሰአት አእምሮ ውስጥ ጎልቶ የታየው ኢንሱላ የሚባለው ቦታ ነው፣ ይሄ ቦታ መጥፎ ሽታና የሚያቅለሸልሽ ነገር ሲገጥመን ጭምር የሚሰራ፣ ከሰውነት የሚመጣን ስሜት የሚያነብ ክፍል ነው። ሆዴን አመመኝ፣ አንገሸገሸኝ የምንለው እንግዲህ መነሻ አለው።

አሁን ከሁሉም በላይ የነካኝን ጥናት ልንገራችሁ፣ ህንድ ውስጥ ኦዲሻ የሚባል ክፍለ ሀገር የተሰራ ነው፣ በ2018 የታተመ፣ ሶስት ሴት ተመራማሪዎች ናቸው የሰሩት፣ ኤሚሊ ብሬዛ፣ ሱፕሪት ኮር እና ዮጊታ ሻምዳሳኒ። 378 ሰራተኞች ለአንድ ወር ያህል ቀን በቀን እየተከፈላቸው እቃ ያመርታሉ፣ ሶስት ሶስት ሆነው በቡድን ይቀመጣሉ። ለአንዳንዱ ቡድን ሶስቱም እኩል ይከፈላቸዋል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ባሳዩት ፍጥነት መሰረት ትንሽ ትንሽ እየተለያየ ይከፈላቸዋል። የዘዴው ውበት ምን መሰላችሁ፣ ልክ አንድ አይነት ብር የሚያገኙ ሁለት ሰዎችን ማወዳደር ይቻላል፣ አንዱ ጓደኞቹም እንደሱው የሚያገኙ ሲሆኑ ሌላኛው ጓደኞቹ ከሱ የሚበልጥ የሚያገኙ ናቸው። ብሩ ያው ነው። ልዩነቱ ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ የሚበልጠው ሰው ምርቱ በግልፅ ወረደ። ይሄ አያስገርም ይሆናል፣ የሚያስገርመው መቅረት መጀመሩ ነው፣ ስራ ገበታ ላይ መገኘቱ በ18 የፐርሰንት ነጥብ ቀነሰ። የቀን ሰራተኛ ነው እኮ፣ የቀረበት ቀን አይከፈለውም፣ እዛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ስራ እንደልብ አይገኝም። ማለትም ሰውየው እዛ ጠረጴዛ ጋር ተቀምጦ ያንን ነገር በየቀኑ ከማየት የራሱን እንጀራ መተው ይሻለዋል። ሌላም አለ፣ በኋላ እነዚህኑ ሰዎች ተባብረው የሚሰሩት፣ ከተባበሩ ሁሉም የሚጠቀሙበት ጨዋታ ሲሰጧቸው፣ ክፍያቸው የተለያየው ቡድኖች መተባበር ከበዳቸው። ለራሳቸው ጥቅም እንኳን። ቡድኑ ቡድን መሆኑ አበቃ ማለት ነው።

ግን እዚሁ ጥናት ውስጥ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፣ እኔ የፅሁፌ ልብ እሱ ነው ብዬ ነው የማምነው። ከስራዎቹ አንዳንዶቹ ማን ምን ያህል እንደሰራ ቁጭ ብለህ የምታየው አይነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ለማየት የሚከብዱ። ጓደኛዬ ከኔ የበለጠ እንደሚሰራ በአይኔ በማይበት ስራ ላይ ያ ሁሉ መቅረት፣ ያ ሁሉ መለገም እጅግ ቀንሶ ተገኘ። እሱ ያው ከኔ በላይ ይከፈለዋል፣ ግን ለምን እንደሆነ አያለሁ። ስለዚህ ሰው ልዩነትን በጅምላ አይጠላም። የሚጠላው ምክንያቱ የማይታይ ልዩነትን ነው።

ልግም ካልኩ አይቀር፣ ይሄ ቃል ራሱ ውድ ቃል ነው። ስንፍና አይደለም ልግም፣ ሰነፍ አይችልም ወይ አይፈልግም፣ ልግመኛ ይችላል፣ ከዚህ በፊትም ሰርቷል፣ አሁን ግን አውቆ እጁን ይሰበስባል። የእትዬ ብርጭቆ ልግም ነበር። አዳምስ ሚዛኑ ሲያዘነብል ሰው ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የሚያዋጣውን መቀነስ ነው ያለው ይሄንኑ ነው፣ ደሞዝህን ራስህ መጨመር አትችልም፣ ላብህን ግን መቀነስ ትችላለህ። ሌላው መንገድ ደግሞ የሚያገኘውን በራሱ እጅ መጨመር ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔንም ይመለከታል።

ጄራልድ ግሪንበርግ የሚባል ተመራማሪ በ1990 ያሳተመው ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ኩባንያ የሆኑ ፋብሪካዎች ናቸው፣ ኩባንያው ትልቅ ስራ ስላመለጠው በሁለቱ ፋብሪካ የሁሉም ሰው ደሞዝ ለ10 ሳምንት በ15 ፐርሰንት ተቀነሰ፣ ሶስተኛው ፋብሪካ አልተነካም። በአንደኛው ፋብሪካ የኩባንያው አለቃ ራሱ መጥቶ አንድ ሰአት ተኩል ቁጭ ብሎ ለምን እንደተቀነሰ በሰንጠረዥ አሳየ፣ ማዘኑን ተናገረ፣ ጥያቄ መለሰ። በሌላው ፋብሪካ ሩብ ሰአት ያህል በቆየ ስብሰባ እንዲህ ተወስኗል ተባለና ተበተኑ። ከዛ ከፋብሪካዎቹ የሚሰረቀው እቃ ተቆጠረ። ሁለቱም ጋር ስርቆት ጨመረ፣ ግን በደንብ ባልተነገራቸው ጋር የጨመረው እጅግ የበለጠ ነበር፣ ከነሱም ስራውን ጥለው የሄዱ ነበሩ። ደሞዙ ወደነበረበት ሲመለስ ስርቆቱም ተመልሶ ወረደ። የተቀነሰው ብር በሁለቱም ቤት አንድ ነው እኮ፣ የሚለያየው አንድ ሰአት ተኩልና ሩብ ሰአት ብቻ ነው። በቅሎና ጭብጦ ማለት ይሄ ነው።

እኛ ሆቴል ደግሞ ከሰርቪስ ቻርጁ ሌላ ቲፕ ቦክስ ነበረን፣ እንግዳ የሚሰጠውን ጉርሻ ሁሉም እዛ ይጨምራል፣ ማታ ይከፈታል፣ ወጥ ቤትም አስተናጋጅም ይካፈላል። ከዛ ወር በኋላ ሳጥኑ መቅለል ጀመረ። ማንም ሌባ ሆኖ አይደለም፣ እያንዳንዱ በልቡ እነሱ ከወሰዱብኝ እኔም የኔን ልያዝ ብሎ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አንድ እንግዳ 100 ብር ሰጥቶኝ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ አይለኝም ምክንያቱም ያ 100 ብር ከሱፐርቫይዘሮቹ አልነበረም የተወሰደው፣ ከእትዬ ነበር።

የቡድን ክፍያ ክፉ ጎኑ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የንዴትና የቅናት ልዩነት እዚህ ጋር ይመጣል። ያደለውን ሰው ማየት ይከብዳል፣ በሩ ዝግ ነው፣ ያስፈራል፣ ፊርማው በእጁ ነው። የታደለው ግን አጠገብህ አለ። ስለዚህ ወደ ላይ መሄድ የነበረበት ንዴት ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ወጥ ቤቶቹ አስተናጋጆቹ ቲፕ ይደብቃሉ አሉ፣ አስተናጋጆቹ ወጥ ቤቶቹ ምን ሰሩና ነው እኩል ሚካፈሉት አሉ፣ የክፍል አፅጂዎች ሁላችንንም አኮረፉን፣ ፖይንቱን የቀየረው ሰው ስም ግን ከዛ በኋላ ባሳለፍነው ሁለት ወር ውስጥ ጮክ ብሎ ሲነሳ አልሰማሁም። ተበዳይ ተበዳይን ሲነክስ በዳዩ ሰላም ያድራል።

የታደሉት ምን ይሰማቸዋል የሚለውም መታየት አለበት። ያለአግባብ የበዛለት ሰው መጀመሪያ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አዳምስ ራሱ በጥንት ሙከራዎቹ ከሚገባቸው በላይ በሰአት እንደሚከፈላቸው የተነገራቸው ሰዎች ጠንክረው ሲሰሩ አይቷል። ግን ይሉኝታ እድሜው አጭር ነው፣ ሰውየው ብሩን መመለስ ስለማይፈልግ ቀስ በቀስ እኔ እኮ ብዙ ሃላፊነት አለብኝ እያለ ራሱን ያሳምናል። ከኛ ሱፐርቫይዘሮች አንዱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አይናችንን ማየት ያቅተው ነበር፣ በወሩ ግን ስለ ትምህርቱ ያወራ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው አይነት ልለፍ፣ እኩል ተከፋፍሎም የሚያመው። ማክሲሚሊየን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሀንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ በ1913 እንዳሳተመው፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚጎትተው ጉልበት ይቀንሳል፣ ከፊሉ አንድ ላይ መጎተት ስለሚከብድ ነው፣ ከፊሉ ግን በሰው ጀርባ መደበቅ ስለሚቻል ነው። በ1983 ደግሞ ኖርበርት ከር እንዳሳየው ሰው ጓደኛው እየቻለ እንደማይሰራ ሲያይ፣ እንደ ሞኝ ላለመቆጠር ብሎ፣ ራሱም ይቀንሳል። እዚህ ያለው ስሜት መሞኘት ነው፣ ሞኝ ተደረግኩ የሚለው ስሜት። ጠንካራው ሰራተኛ ነው በመጀመሪያ የሚደክመው፣ የሚሄደውም እሱ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ግን ደቦን ያውቃል። ደቦ ላይ ማንም ማንን በሚዛን አይመዝንም፣ ግን ሁሉም ጎን ለጎን ነው የሚያጭደው፣ ማን እንደደከመ ማን ዛፍ ጥላ ስር እንደቆየ ማሳው ላይ ይታያል፣ ሽማግሌው አቅም ስለሌለው ጥቂት ቢያጭድ ማንም አይቆጣም፣ ምክንያቱ ይታያላ። ወንፈል ደግሞ ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ነው። እነዚህ ነገሮች ለዘመናት የቆዩት ሰዉ ከዛሬው የተሻለ ስለነበረ አይመስለኝም፣ ሁሉም ነገር አይን ፊት ስለሚሰራ ነው።

ሶስተኛው አይነት፣ እኛና እነሱ። ደብሊው ጂ ራንሲማን የሚባል እንግሊዛዊ የማህበረሰብ ጥናት ሰው በ1966 ጥሩ ልዩነት አስቀመጠ፣ እኔ ተበደልኩ ማለትና የኔ ወገን ተበደለ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ተበደልኩ የሚል ሰው ይጨነቃል፣ ያኮርፋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላ ስራ ይፈልጋል። እኛ ተበደልን የሚሉ ሰዎች ግን አብረው ይነሳሉ።

ለዚህ እንደ ዳገንሃም ጥሩ ምሳሌ የለም። ለንደን ዳር ዳገንሃም ውስጥ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ነበር፣ የመኪና ወንበር ልብስ በማሽን የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። ኩባንያው የስራ ደረጃ ሲያወጣ የነሱን ስራ ብዙ ሙያ የማይጠይቅ ብሎ ዝቅ ባለ ደረጃ መደበው፣ እዛው ደረጃ ላይ ካሉት ወንዶች ደግሞ 85 ፐርሰንቱን ነበር የሚከፈላቸው። ሰኔ 1968 ላይ 187 ሴቶች ማሽናቸውን አጥፍተው ወጡ። ወንበር ከሌለ መኪና የለም፣ ፋብሪካው ቆመ። ከሶስት ሳምንት በኋላ የስራ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ገብታበት 92 ፐርሰንት ተስማምተው ተመለሱ፣ ከዛም በ1970 የእኩል ክፍያ ህግ ወጣ። ግን ሴቶቹ አልረኩም፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄያቸው ስራችን ሙያ ነው፣ ሙያ ብላችሁ መዝግቡት ነበር። እሱን ያገኙት በ1984 ነው፣ እንደገና አድማ መትተው። 16 አመት ሙሉ። ብሩ ከፍ ብሎላቸው እንኳን ያ ሙያ የማይጠይቅ የሚለው ቃል ከልባቸው አልወጣላቸውም።

በኛ አገር ሰው ላይ ደግሞ ይሄ ነገር በሌላ መልክ አለ። የአክስቴ ልጅ ቤይሩት በሰው ቤት ሰርታለች። እዛም ገልፍም የቤት ሰራተኛ ክፍያ እንደ ችሎታ ሳይሆን እንደ ፓስፖርት መሆኑን የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፣ የፊሊፒንስ መንግስት ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ዜጎቹ ከ400 ዶላር በታች እንዳይቀጠሩ ደነገገ፣ የኛ ልጆች ግን በብዙ ቤት ከዛ በታች ነው የሚሰሩት፣ ያውም ያንኑ ስራ። እሷ እንደነገረችኝ እላይ ፎቅ ላይ የምትሰራ ፊሊፒናዊት ነበረች፣ ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ፈገግ ይባባሉ ነበር፣ አንድ ቀን ደሞዝ ተጠያየቁ። ከዛ በኋላ ሰላምታ አቆምኩ አለችኝ፣ ምን አደረገችኝ እሷ? አለች ራሷን እየጠየቀች። ምንም። መንግስቷ ቆመላት እንጂ እሷማ ምንም አላደረገችም። ንዴት ጎን ለጎን ሲሄድ ማለት ይሄም ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለሚከፍለው ሰው መጀመሪያ። ህጉን ከክፍያው በፊት ተናገር፣ ሲቀየርም ከመቀየሩ በፊት ጥራና ንገር፣ ሰው ይጠይቅ፣ መልስ ስጥ። ጠቅላላው ስንት ነው፣ ለስንት ተካፈለ፣ ማን በምን ምክንያት ስንት ወሰደ የሚለው ይታይ። ይሄን ስል ግን አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፦ ማስረዳት የብር ምትክ አይደለም። ግሪንበርግ ጥናት ውስጥ በደንብ የተነገራቸውም ሰዎች ጋር ስርቆት ጨምሯል፣ አነሰ እንጂ አልጠፋም። በማለፊያ ንግግር የሰው ላብ መብላትን ፍትህ የሚያስመስል አለቃ አለ፣ የዛ ሰው ንግግር ሲነቃበት ደግሞ ቁጣው እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም አሁን ተታለልኩም ይጨመርበታል።

ለሰራተኛው ደግሞ፣ ፖስታው ጎድሎ ሲመጣ አጠገብህ ያለውን ከመጠርጠርህ በፊት ህጉ ምን ነበር፣ ማን ቀየረው ብለህ ጠይቅ። ብቻህን አትጠይቅ፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ጠይቁ፣ ብቻውን የጠየቀ አመለኛ ይባላል። በኛ አገር የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011 (ይሄኛው አመት በኛ አቆጣጠር ነው) የሚባለው፣ 10 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ የሰራተኛ ማህበር ማቋቋም ይፈቅዳል፣ ህገ መንግስቱም አንቀፅ 42 ላይ ሴቶች ለተመሳሳይ ስራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው በግልፅ ፅፏል። እኔ ያኔ ሁለቱንም አላውቅም ነበር። ያወቅን ሰዎች ብንሆን ያ ሁለት ወር በኩርፊያ አያልቅም ነበር ብዬ አስባለሁ።

በመጨረሻ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ነገሩ የተስተካከለው በኛ ጉብዝና አይደለም፣ ፋይናንስ ላይ አዲስ ልጅ ተቀጠረችና የመጀመሪያ ወሯ ላይ በሩ ላይ ሁለት ወረቀት ለጠፈች። አንደኛው ላይ ወሩን ሙሉ የገባው ሰርቪስ ቻርጅ፣ የጠቅላላው ፖይንት ብዛት፣ የአንዱ ፖይንት ዋጋ አለ። ሁለተኛው ላይ የሁላችንም ስምና ፖይንት፣ ከፅዳት እስከ ቢሮ፣ የሱፐርቫይዘሮቹም ጭምር፣ ስር ላይ ደግሞ ጥያቄ ያለው ሀሙስ ከሰአት ቢሮ ይምጣ የሚል በእጅ የተፃፈ። የአቢይ ፆም ነበር፣ ገበያ የለም፣ የተካፈልነው ብር ከዛ ካጣላን ወር በጣም ያነሰ ነበር።

እትዬ ማንበብ ብዙም ስለማይሆንላት እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣችና የኔ የቱ ጋ ነው አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ጎን ወሰደችው፣ ፖይንቷን አየች፣ የአንዱን ዋጋ ጠየቀችኝ፣ በጣቷ አባዛችው፣ ሁለቴ። ከዛ ፖስታዋን ከፍታ ቆጠረች።

«ልክ ነው» አለችና ወደ እቃዋ ተመለሰች።